ኅብረተሰቡ ከሱሉልታ መጣ

ዩኒቨርሲቲያችን የሥዕል ሙዚየም አለው። ይህን የሚያውቀው የሰበታ ሰው ግን ቁጥሩ ከሥዕሎቹ ያንሳል። በሩ ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ንብረት ክፍል፣ አንዱ ጥበቃ። ሦስታችን ካልተገናኘን አይከፈትም። ኖርዌይ ሰባት ዓመት የተማርኩት ሥዕል እንዴት ከጉዳት እንደሚጠበቅ ነበርና መጀመሪያ ላይ በአሠራሩ ተደንቄ ነበር። ሥዕሎቹን ብርሃን አያገኛቸውም፣ አቧራ አያገኛቸውም፣ ሰውም አያገኛቸውም። ዓመት ሳይሞላኝ ግን የምጠብቀው ሥዕል ይሁን በር መለየት አቃተኝ።

ኦቦ ዲሪርሳ ያን ቀን ከቡራዩ ሲመጡ ለአራተኛ ጊዜ ነበር። ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ ይጠጋል። ልጃቸው ዱርሲቱ እኛ ዘንድ ተምራ ነው የተመረቀችው። የመመረቂያ ሥዕሏን ዩኒቨርሲቲው ለቋሚ ስብስቡ አስቀረው፤ እሷ በተመረቀች በሁለተኛው ዓመት በመኪና አደጋ ሞተች። ያኔ ኤግዚቢሽኑ በዘር ሰሞን ስለነበር አባቷ ሥዕሉን ሳያዩት ቀሩ።

«አካም ቡልታኒ፣ ኦቦ?»

«ፈያ፣ ልጄ። ይኸው፣ ያላችሁኝን የቀበሌ ደብዳቤ አጽፌ መጣሁ።»

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ውብአየሁ ደብዳቤውን ገልብጣ ማኅተሙን መረመረች።

«አባባ፣ ይሄ ‹ለሚመለከተው ሁሉ› ነው የሚለው። በእኛ ስም መጻፍ አለበት።»

«ባለፈው በእናንተ ስም ሲሆን ማኅተሙ ደብዝዟል አላችሁኝ።»

«እሱም ልክ ነው።»

ኦቦ ዲሪርሳ ወደ እኔ ዞሩ። «ግላኮማ ነው አሉኝ። ሐኪሙ ‹የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እስከ ክረምት ቢቆይልዎ ነው› ብሎኛል። ሥዕሉን ልወስደው አይደለም። ልየው ብቻ ነው።»

«በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላሳይዎት?»

«በስልክ! እኔ የሚደውልልኝን ሰው ስም እንኳ አላነብ።»

በዚያው ሳምንት ዩኒቨርሲቲውን የሚመዝን ገምጋሚ ቡድን ይመጣል ተባለ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዶክተር አበራ ሰበሰቡን።

«አንዱ መስፈርት ‹ሙዚየሙ ለኅብረተሰቡ ክፍት ነው ወይ› ይላል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ይከፈታል። ኅብረተሰብ ይዘጋጅ።»

«ከዚሁ ከሰበታ አርባ ሰው እጠራለሁ» አልኩ።

«የሰበታ ሰው አይሆንም» አለች ውብአየሁ። «ቅርብ ነው። አንዴ ከለመደ ይመላለሳል።»

ሐሳቧ ተደገፈ። ኅብረተሰቡ በአውቶቡስ ከሱሉልታ እንዲመጣ ተወሰነ። የስም ዝርዝሩን የምተይበው እኔ ነበርኩ፤ ኮንትራቴ የሚታደሰው በዚያው ወር መሆኑን እያወቅሁ ግርጌው ላይ አርባ አንደኛ ስም ጨመርኩ።

ሐሙስ ኦቦ ዲሪርሳ የታደለውን ቲሸርት ከኮታቸው በላይ ለብሰው ገቡ። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ፊታቸው ወደ መድረኩ ነው፣ ጀርባቸው ወደ ሥዕሎቹ። ከመድረኩ ኋላ «ጥበብ ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ባነር ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። የዱርሲቱን ሥዕል ጥሩ ቦታ ይሁን ብዬ እዚያ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት እኔው ነኝ።

«የቱ ነው?» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ ክንዴን ይዘው።

«ከባነሩ ኋላ ነው።»

«መቼ ይነሳል?»

ውብአየሁን ጠየቅኳት። «ፕሮግራሙ ሲያልቅ» አለችኝ። «ሲያልቅ ግን በሩም ይዘጋል።»

ይህን እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ መድረክ መሪው ታመነ ማይክራፎኑን መታ መታ አደረገ። «ፕሮግራማችንን በአገር ሽማግሌ ምርቃት እንከፍታለን» አለና አዳራሹን ቃኘ። ከሁሉ የሸበተው ጭንቅላት ላይ ዓይኑ አረፈ። «አባባ፣ እርስዎ ይምጡልን።»

ኦቦ ዲሪርሳ ወጡ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ መዳፉን ዘረጋ።

«የተዘራው ይብቀል!»

«አሜን!»

«የታመመው ይዳን!»

«አሜን!»

«እንግዶቻችን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመለሱ!»

«አሜን!» ገምጋሚዎቹ ከሁሉም በላይ ጮኹ።

«ይህ ጨርቅ ይውረድ! ከኋላው ያለውን የልጄን ሥራ ዓይኔ ሳይጠፋ ልየው!»

«አሜን!»

ዶክተር አበራም ብለዋል፤ ከንፈራቸውን አይቻለሁ። በቃለ ጉባኤ ላይ የልዩነት ሐሳብ ማስመዝገብ ይቻላል። በአሜን ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ የሚያውቅ አልነበረም።

«አውርዱት እንጂ!» አለች አንዲት የሱሉልታ ሴት ከኋላ። «አሜን ብለናል እኮ!»

ዶክተር አበራ ገምጋሚዎቹን አዩ። «ይውረድ።»

«ዶክተር፣ ባነሩ የተሰቀለው በትእዛዝ…»

«ውብአየሁ፣ አንቺም ብለሻል።»

ባነሩ ወረደ። ሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ሲሄድ ከኋላው ይታያል። ኦቦ ዲሪርሳ አፍንጫቸው ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። የቀረቻቸው የመሐሏ ብርሃን ብቻ ስለሆነች ሥዕሉን በአንዴ ማየት አይችሉም፤ ፊታቸውን ከላይኛው ጥግ ጀምረው ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱ ነበር። አሁን ገና የመረቁንን ሽማግሌ ይቀመጡ የሚል አልተገኘም። የሱሉልታ ሰዎች መጠበቅ ሲሰለቻቸው አንድ ሁለት እያሉ ተነሥተው ሌሎቹን ሥዕሎች ማየት ጀመሩ። ታመነ «ወደ ቦታችሁ!» አለ፤ የሰማው የለም።

«ማነው የተሸከመው?» አሉኝ ኦቦ ዲሪርሳ።

«እርስዎ ነዎት መሰለኝ። ለትምህርት ያመጧት ዕለት።»

«ጀርባዬን አይቼው አላውቅም ነበር» አሉ። ትንሽ ቆይተውም «ይሄ ቀዩስ? እዚህ ፍራሹ ጎን?»

«የንብረት ቁጥር ነው። እሷ አይደለችም። እኛ ነን የጻፍንበት።»

«ከነሸክሜ ቆጠራችሁኝ በለኛ! ይለቃል?»

በጥጥ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ግን ለዚያ ኮሚቴ መቀመጥ አለበት፣ ኮሚቴው ደግሞ ገና አልተቋቋመም።

«ይለቃል» አልኩ።

ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ሳቡ፣ ከመድረኩ ወደ ግድግዳው አዞሩትና ተቀመጡበት። ጥጡንና ፈሳሹን ይዤ ስመለስ ዶክተር አበራ ለባዶ ወንበሮች ንግግር ጀምረዋል፣ ውብአየሁም ከበሩ ሥር እጄን ታያለች። የመጀመሪያውን ቁጥር ስነካ ኦቦ ዲሪርሳ ወደ ፊት አዘነበሉ።

«ቀስ በል፣ ልጄ። ፍራሹን እንዳትጥልብኝ።»