ሱሪው ይቀመጥ

የክላረንስ አክሮይድ አፍንጫ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ከኢንፍሉዌንዛ ተነሥቶ ሻይ ቢጠጣ ሙቅ ውሃ ሆነበት። ሽንኩርት ቢከትፍ ዓይኑ ያለቅሳል እንጂ አፍንጫው ወሬም የለው። ሌላ ሰው ቢሆን «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ክላረንስ ግን የስካርብሪግ መንደር ቢራ ቀማሽ ነው፤ ከተሾመ ሠላሳ አንድ ዓመቱ! አፍንጫና ምላስ የሌለው ቢራ ቀማሽ፣ ኧረ ምን ዓይነት ጣጣ ነው? ይህን ጉድ በሆዱ ይዞ ለነፍስ አባቱ እንኳ ሳይናገር ቆየ።

ቀልድ አይምሰላችሁ፣ በስካርብሪግ ቢራ የሚፈተነው በምላስም በመቀመጫም ነው። በታኅሣሥ ሁለተኛው ቅዳሜ ረፋድ ላይ «ዝይና መዶሻ» መጠጥ ቤት ለብርድ ወራት የጠመቀውን ቢራ ያቀርባል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሦስት ኩባያው በሬ የሚጥል። ቀማሹ አንድ ኩባያ ይጠጣል። ሌላ ኩባያ አግዳሚ ወንበር ላይ ይደፋለትና የሹመቱን የቆዳ ሱሪ እንደለበሰ ኩሬው ላይ ዘጭ ይላል። ግማሽ ሰዓት አይነቃነቅም። ሲነሣ ሱሪው ወንበሩን ያዝ ካደረገ ቢራው ጉልበት አለው ማለት ነው፤ ያልፋል፣ በሩ ላይ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ይሰቀላል፣ ሰውም ይጠጣል። ካልያዘ በርሜሉ ወንዝ ይደፋል። ደንቡ ሌላም ነገር አለው፦ ፍርድ ሳይሰጥ ሱሪውን ያወለቀ ቀማሽ፣ ሹመቱንም አወለቀ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ክላረንስ የበላውም የጠጣውም በቂ ነው፤ የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሚስቱ ኤልሲ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት፣ ልጅ የላቸውም፣ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳው ሰዓት በቀር የሚናገር የለም። በዓመት አንድ ቀን ያን ሱሪ ለብሶ ሲገባ ግን መንደሩ ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣለታል። «ይህን ከወሰዱብኝ ማን ነኝ?» ይላል ሱሪውን ሰም ሲቀባ።

የዘንድሮው ቅዳሜ ደረሰ። ክላረንስ ሲገባ ውጭው በረዶ ሆኖ ሳለ የመጠጥ ቤቱ መስኮት ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰዉ ካፖርቱን እንደለበሰ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዟል። «አይ የዘንድሮ ጉንፋን!» አለ ክላረንስ በልቡ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ዊኒ ሱትክሊፍ ዓይኗ በርበሬ መስሏል።

«ምነው ዊኒ፣ አለቀስሽ እንዴ?»

«ኧረ ሽንኩርት ነው፣ የኔ ወርቅ» አለችና ፊቷን አዞረች።

የመንደሩ ዳኛ ሚስተር ፖግሰን የደንቡን መጽሐፍ ታቅፈው ብቅ አሉ። ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው፤ ላም ሲያክሙም ሕግ ሲያነቡም ፊታቸው አንድ ነው። «ቀማሹ ይቅመስ!» አሉ።

ክላረንስ ቀመሰ። ለብ ያለ ወፍራም ውሃ። እሱ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የተካነበትን ሁሉ አንድም ሳያስቀር አደረገው፤ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጉንጩን ነፋ፣ «እምምም» አለ፣ ጣራውን አየ። ዊኒ ሁለተኛውን ኩባያ ወንበሩ ላይ ደፋች። ክላረንስ ሱሪውን ሳብ አድርጎ ዘጭ አለበት።

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማንም ትንፍሽ አላለም። ይህም ገረመው፤ ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት የከሰል ነጋዴው ዶብሰን «እንቁላል ታቅፈሃል?» እያለ ያሾፍበት ነበር። ዛሬ ዶብሰን ጫማውን ነው የሚያየው።

«ይነሡ!» አሉ ሚስተር ፖግሰን።

ክላረንስ ተነሣ። ወንበሩም አብሮት ተነሣ። ያዝ ማድረግ ብቻ አይደለም፣ አራት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ወንበር እንዳለ ከኋላው ተንጠልጥሎ ተነሣ!

«ኧረ ጉድ! ዊኒ፣ ምንድን ነው የጠመቅሽው? እንዲህ ያለ ቢራ አያቴም አላዩ!» ብሎ ወደ ሰዉ ዞር ሲል የወንበሩ ጫፍ የሚስተር ፖግሰንን ባርኔጣ አሽቀነጠረው። ጭብጨባ ጠበቀ። ማንም አላጨበጨበም። ሁለት ጎረምሶች ወንበሩን ይዘው ጎተቱ፤ ሱሪው ሲጢጥ አለ እንጂ አለቀቀም።

ያኔ ክላረንስ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ቢራ ያልነካውን የወንበሩን ጫፍ ዳሰሰ። እዚያም ይጣበቃል። ጣቱን ቢያየው ወርቅማ ሆኗል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቫርኒሽ ነው» አለች ዊኒ ድምፅዋ እየሟሸሸ። «ትናንት ቀባሁት። ለበዓሉ ያምርበታል ብዬ ነው። እስከ ጠዋት ይደርቃል ስል፣ ብርዱ...»

«ይሸታል?»

ዊኒ ወደ ሚስተር ፖግሰን አየች፤ እሳቸው ወደ መጽሐፋቸው።

«ኧረ ከድልድዩ ማዶ ጀምሮ ነው የሚሸተው!» አለ ዶብሰን ሳያስበው። ሚስቱ እግሩን ረገጠችው።

ክላረንስ ወንበሩን ይዞ ቁጭ አለ። ክው አለ። «ታዲያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እያያችሁኝ ለምን አንዳችሁ አትነግሩኝም?»

«እንዴት ብለን?» አለች ዊኒ። «‹አይሸትህም ወይ?› ብንልህ ማወቃችንን ታውቃለህ። እኔ ፖግሰን ይነግሩታል አልኩ፣ እሳቸው እኔን ጠበቁ። ነውር መሰለን።»

«ታውቁ ነበር?»

«ያምናው ቢራ ኮምጣጤ ነበር፣ ክላረንስ። በርሜሉ ተበላሽቶብኝ ትደፋዋለህ ብዬ ስጠብቅ፣ አንተ ጠጥተህ ‹እጅሽ ይባረክ› አልከኝ። ያን ቀን ነው የገባኝ።»

«እና ለምን አልደፋችሁትም?»

«አለፈ ብለሃላ!» አለ ዶብሰን። «እስከ ፋሲካ ጠጣነው። ቃሩ ዛሬም አለ።»

ክላረንስ ሐፍረቱ ከእግር ጥፍሩ እስከ ጆሮው ወጣ። ሰው አታልላለሁ ሲል ለካ መንደር ሙሉ ሲያባብለው ኖሯል። የብርዱን ወራት በሙሉ ለእሱ ሲል ኮምጣጤ የጠጣ ሕዝብ! ከዚያ ቀስ ብሎ የሱሪውን ቁልፎች መፍታት ጀመረ።

«ሚስተር አክሮይድ!» ጮኹ ሚስተር ፖግሰን። «ሱሪውን ካወለቁ እኮ...»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ሁለት ዓመት የዘገየሁት ይበቃኛል።»

ወጣ። ኤልሲ ጉልበቱ ላይ የጣፈችለትን ረዥም የሱፍ ውስጥ ሱሪ እንደለበሰ መሐል ወለሉ ላይ ቆመ። የቆዳው ሱሪ ግን ጉልበቱን አጥፎ፣ ሆዱን ቀብትቶ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሴቶቹ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ አንዲቱ ግን ጨርሳ አልዞረችም።

ሚስተር ፖግሰን መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን ያገላብጡ ጀመር። ብዙ ቆዩ። «ደንቡ» አሉ በመጨረሻ «‹ሱሪው ይቀመጥ› ይላል እንጂ ሰውየው ይቀመጥ አይልም። ሱሪው ደግሞ ከወንበሩ አልተነሣም። ስለዚህ ሹመቱም አልተነሣም። ሚስተር አክሮይድ ለጊዜው ወጣ ብለዋል።»

«ከየት?» አለ ዶብሰን።

«ከሱሪው።»

«ታዲያ አሁን ሱሪው ነው የሚፈርደው?»

«ሱሪ አይናገርም፣ አንተ ሰው! የሚናገርለት ያስፈልገዋል» ብለው ክላረንስን አዩት። ሁሉም አየው።

«እምቢ!» አለ ክላረንስ። «የማላውቀውን አልፈርድም። ከፈለጋችሁ እናንተ ቅመሱና ንገሩኝ። ማዘን የለም፣ ይሉኝታ የለም። ኮምጣጤ ከሆነ ኮምጣጤ በሉኝ።»

ኩባያው ዞረ። «የተቃጠለ ስኳር» አለ ዶብሰን በምላሱ እያጣጣመ፤ «ኋላ ላይ ደግሞ የደረቀ የፕለም ፍሬ ይመጣል። እውነቴን ነው፣ ኮምጣጤ የለበትም።» ሚስተር ፖግሰን ብርቱካን ልጣጭ አገኙበት። «ደግሞም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ቫርኒሽ።»

«እሱ ካየሩ ነው!» አለች ዊኒ ደሟ ፈልቶ።

ክላረንስ እየሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን ሁሉም የሰው ወሬ ነው፣ ልቡን አልያዘውም። ዊኒና ኤልሲ አርባ ዓመት ጓደኛሞች ነበሩ። «ዊኒ» አላት «ኤልሲ ብትኖር ምን ትል ነበር?»

ዊኒ ኩባያውን ተቀብላ ጎንጨት አለች። አሰበች። ከዚያ አፍንጫዋን ልክ እንደ ኤልሲ አጨማደደችና «‹ጥሩ ነው፣ ግን ስኳሩን ቆጥበሻል› ትለኝ ነበር» አለች።

ኤልሲ የቀመሰችውን ሁሉ እንዲያ ትል ነበር፤ የሠርጓን ኬክ ሳይቀር። ክላረንስ ኩባያውን ተቀብሎ ጠጣ። ምላሱ እንደ ወትሮው ዝም አለ፤ ኤልሲ ግን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ኬኩን ጎርሳ፣ ፊቷን ስታጨማድድ ቁልጭ ብላ ታየችው። ሳቁና እንባው ተቀላቅለው መጡ።

«እውነቷን ነው፣ ቆጥበሻል» አለ። «አለፈ። በሚመጣው ዓመት ግን ጨምሪበት።»

ዊኒ አረንጓዴውን ቅርንጫፍ ይዛ ወደ በሩ ሮጠች። ጎረምሶቹ አግዳሚ ወንበሩን ከነሱሪው አንሥተው ምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። ሚስተር ፖግሰን ጋዜጣ አነጠፉለትና ክላረንስ በውስጥ ሱሪው ከሹመቱ ጎን ተቀመጠ፤ ያን ቀን መጠጥ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ለሁለቱም እጅ ነሣ።