ከአስር ሰባት

መምህር አብዱልመጂድ ሙሉ ማርክ የሚባል ነገር አይሆንለትም። ሃያ ዓመት ሲያስተምር ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ ፍጹም አላህ ብቻ ነው ባይ ነው። ዘንድሮ ሸዋሮቢት ላይ ለአዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ የተጻፈውን ድርሰት ለሚያርሙ ስድስት መምህራን አለቃ ሲያደርጉት፣ ሰዎቹ ገና በመጀመሪያው ቀን አበሳቸውን አዩ። ያ ሙቀት አንሶ፣ ወረቀት ይበትናል ብሎ ቬንትሌተሩን አስጠፋባቸው። ከጣርማ በር ብርድ በሹራብ የወረደው አራሚ ሚልኪያስማ ላብ በላብ ሆነ። ቀጥሎ ደንብ አወጣ፤ የዘመዱን ጽሑፍ ያወቀ ወዲያው ይናገር፣ ወረቀቱም ወደ ሸሪፍ ክፍል ይሂድ ብሎ።

ሸሪፍ የአጣዬ ሰው ነው፤ የጎረቤቱ ክፍል አለቃ፣ ከአብዱልመጂድ የባሰ ቋጣሪ። እሱ ክፍል የገባ ወረቀት ከሃያ አስራ አራት ካገኘ ተመስገን ነው።

በሦስተኛው ቀን ጽጌ የምትባለው አራሚ አንድ ወረቀት ይዛ በሳቅ ፈረሰች። ርዕሱ «በቤታችን ያለ ሰው» ነው። ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«አባቴ ለሁሉም ነገር ማርክ ይሰጣል። ለእናቴ ወጥ ከአስር ሰባት። ለጎረቤት ሰርግ ስድስት ተኩል፣ ሙሽራው ዘገየ ብሎ። የታመመ ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ፣ አተኛኘቱ ጥሩ ነው፣ ማቃሰቱ ግን ይቀረዋል አለ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጽጌ የቀረውን ለራሷ አንብባ አስራ ዘጠኝ ጻፈችበት።

አብዱልመጂድ አልሳቀም። የታመመው አጎቱ ነበር። ደግሞ ማቃሰቱ እውነትም ይቀረው ነበር።

የገዛ ልጁ ነዒማ ናት! መግቢያው አስራ ስድስት ነው። ዝም ካለ ትገባለች፣ ከተናገረ ሸሪፍ እጅ ትወድቃለች። ስሙ በኮድ ተሸፍኗል፣ ማን ያውቃል እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ኋላ ተነሳና፣ የዘመድ ናት ብሎ ወረቀቱን ወሰደ። አራሚዎቹ ልጅቷን አዘኑላት። ጽጌማ፣ እንዲህ ያለ አባት ይዛ እንዴት ነው የምትኖረው ብላ ጠየቀችው። ትችለዋለች ብሏት ወጣ።

ሸሪፍ ፈገግ ሳይል አንብቦ አስራ ሦስት ጻፈ። ጥያቄው እውነተኛ ሰው ግለጹ ነው የሚለው፣ ይሄ ግን የተጋነነ ነው፣ እንዲህ ያለ አባት በይፋት ምድር የለም አለ።

አብዱልመጂድ በሩ ጋ ደርሶ ነበር። ተመለሰ።

«አለ» አለው። «እኔ ነኝ።»

ሸሪፍ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ስለ ወጡም፣ ስለ ሰርጉም፣ ስለ በሽተኛውም አንድ በአንድ ጠየቀው፤ ሰውዬው ሁሉንም አመነ። ሸሪፍ አስራ ሦስቱን ሰርዞ፣ እያመመው፣ አስራ ስምንት ጻፈ። ከዚያ ጽጌ ጮክ ብላ ያላነበበችውን የመጨረሻ መስመር በጣቱ አሳየው። «ለእኔ ግን እስካሁን አልሰጠኝም። ፈርቼ አልጠየቅኩትም» ይላል።

አብዱልመጂድ እንደቆመ ሁለቴ አነበበው።

«ሸሪፍ» አለ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ሃያ ስጣት።»

«ዘመድ አያርምም፤ ደንቡ የራስህ ነው» አለ ሸሪፍ እስክሪብቶውን እየከደነ። «ሃያውን ቤትህ ገብተህ ስጣት።»