በመምህር ፀሐዬ ቀብር ላይ የወጡ እጆች

አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ሲባል ዋናው ሥራዬ የሟች የሕይወት ታሪክ ጽፎ ቀብር ላይ ማንበብ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ እስካሁን አንድም ክፉ ሰው አልቀበርኩም። ሁሉም ደግ፣ ሁሉም እንግዳ ተቀባይ፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። አንዳንዴ የቀበርኳቸውን ሳስብ፣ ኮተቤ የቀረነው ክፉዎቹ ብቻ ሳንሆን አንቀርም እላለሁ።

በ1978 ዓ.ም. ጥር ላይ መምህር ፀሐዬ ወልደ ሐዋርያት ሲያርፉ ግን ብዕሩ ከበደኝ። ኮሌጅ አስተምረውኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፕሮፌሰር የሚላቸው ሰፈሩ ነው፤ ማዕረጉን ከሰፈሩ በቀር የሰጣቸው የለም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። በየክፍለ ጊዜው ሆን ብለው አንድ ውሸት ይጨምራሉ። ዐባይ ከዝዋይ ሐይቅ ይነሳል ይሉና ፊታቸው ሳይለወጥ ይቀጥላሉ። ውሸቱን ያወቀ ተማሪ ምንም ሳይናገር እጁን ያወጣል። እሳቸው «አይቻለሁ» ይላሉ፣ እጅ ይወርዳል፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። ያላወቀው ውሸቱን በደብተሩ ገልብጦ ይሄዳል፤ ጉዱ የሚታየው ለፈተና ነው። ከሳቸው እጅ ያለፈ መምህር ሁሉ፣ የካ ውስጥ ደግሞ ግማሹ መምህር ከሳቸው እጅ ያለፈ ነው፣ ይህን ሕግ እስከ ዛሬ አልረሳም።

ጡረታም አላስተዋቸውም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ የምትወርደው ጫልቱ ማንበብ የቻለችው በሳቸው ነው፤ እጅ ማውጣቱንም አብራ ተማረች።

በሰፈሩ ሕጉን የማያውቀው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዘነበ ብቻ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ተራራው ላይ በእግራቸው ሲንሸራሸሩ ውለው ሲወርዱ አገኛቸውና ስለ እንጦጦ ጠየቃቸው። የተራራው ከፍታ ከአብዮቱ ወዲህ በሁለት ሜትር ጨምሯል አሉት። ጓድ ዘነበ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ከተተከሉት ችግኞች ቀጥሎ ሁለቱ ሜትሮች ተመዘገቡ። ከበላይ አካል ምስጋና መጣለት።

ያረፉ ዕለት ባለቤታቸው እትዬ ፈትለወርቅ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«ለይኩን፣ የፈለግኸውን ጻፍ» አሉኝ። «መጨረሻው ላይ ግን የአንዲት ልጅ አባት ነበሩ በልና ስሟን ጥራልኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት አልተጠራም።»

ልጅቱ ለተጊዮርጊስ ናት። በ1970 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ከቤት ወሰዷት፤ ገደሏትም። ለቅሶ መቀመጥ ተከለከለ። ድንኳን አልተተከለም፣ እድርተኛ አልወጣም። እኔም ጸሐፊው የሟቾች መዝገብ ላይ ስሟን አላሰፈርኩም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እናም እትዬ ፈትለወርቅን እሺ አልኳቸው፣ ከልቤ ነበር።

በዚያን ጊዜ በኛ ቀበሌ ሕዝብ ፊት የሚነበብ ወረቀት ሁሉ ማኅተም ያስፈልገው ነበር። ይዤ ሄድኩ። ጓድ ዘነበ ብዕሩን መዘዘ። «መምህር» የሚለውን ሰርዞ «ጓድ ፕሮፌሰር» አለ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጭቁኑን ሕዝብ ለማንቃት መታገላቸውን ጨመረ። የእንጦጦን ማደግ በጥናት ማረጋገጣቸውም እንዳይረሳ አለ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይቺ ልጅ የለችም» አለኝ።

«ነበረች እኮ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«መዝገብ ላይ የለችም። ልጅ አልነበራቸውም ብለህ ጻፍ። አለዚያ ማኅተም የለም፣ ድንኳኑም ይነሳል፣ አንተንም እናነጋግርሃለን።»

በዚያ ዘመን ለመነጋገር ተጠርተው የሄዱ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ጨዋታው ሳይጥማቸው አልቀረም መሰለኝ፣ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ጻፍኩ። ያውም በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ። ለእትዬ ፈትለወርቅም አልነገርኳቸውም፤ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሰው ጢም ብሎ ሞላ። አብዛኛው የድሮ ተማሪያቸው ነው። ጓድ ዘነበ የቃለ ጉባኤ ደብተሩን ይዞ ከጎኔ ቆመ። ማንበብ ጀመርኩ። ጭቁኑን ሕዝብ ለማንቃት የሚለው ጋ ስደርስ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ጫልቱ ናት። ከዚያ ሁለት ሽማግሌ መምህራን አወጡ። እንጦጦ ጋ ስደርስ የወጣው እጅ ከመቶ አለፈ።

የጓድ ዘነበ ፊት በራ። በቀበሌ ስብሰባ «የሚደግፍ እጅ ያውጣ» እያለ አሥር እጅ ለማግኘት ሲለማመጥ የኖረ ሰው ነው። ሳይለመን የሚደግፍ ሕዝብ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። በክርኑ ነካ አደረገኝና ቀጥል አለኝ፤ እሱም መቁጠር ጀመረ።

የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ። ከሳጥኑ አጠገብ በሁለት ሴቶች ተደግፈው የቆሙት እትዬ ፈትለወርቅ ስሟን እየጠበቁ ነው።

«ልጅ አልነበራቸውም» ብዬ አነበብኩ።

ሁሉም እጅ ወጣ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ግራ አዛውረው ቀኛቸውን አወጡ። እትዬ ፈትለወርቅ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አላቅቀው አወጡ፤ እያዩ የነበረው እኔን ነው። ወረቀቱን በግራ እጄ ያዝኩና እኔም አወጣሁ። በሕይወቴ እንዲያ አፍሬም፣ እንዲያ ቀሎኝም አያውቅም።

ጓድ ዘነበ ዙሪያውን ቃኘ። እጁን ያላወጣ እሱ ብቻ ነው። በዚያን ዘመን ደግሞ ብቻን እጅ ሳያወጡ መገኘት ለሊቀመንበርም ደግ አልነበረም። ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጎጠና እጁን አወጣ።

በሠልስቱ ጠዋት የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ሰጠኝ፣ ለእድሩ መዝገብ እንዲሆን። ድንኳኑ ውስጥ ለእትዬ ፈትለወርቅ አቀበልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የሕይወት ታሪኩ ተነብቦ፣ በተለይም «ልጅ አልነበራቸውም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሲሰማ ሊቀመንበሩን ጨምሮ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሰዎች እጃቸውን ማውጣታቸውን ይገልጻል። ቀኑ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ማኅተሙ አለ።

«ዘነበም አውጥቷል?» አሉኝ።

«አውጥተዋል።»

«አይቻለሁ» አሉ፣ ልክ እንደ ባላቸው፣ ወረቀቱንም አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ የእድሩን መዝገብ አምጣ አሉኝ። ከአባቷ ስም ሥር ጻፍኳት። ሰው እንዲሰማ አድርገህ አንብበው አሉኝ።

ጓድ ዘነበ በር አጠገብ ተቀምጦ ንፍሮ ይቆረጥማል። ተነስቼ «ለተጊዮርጊስ ፀሐዬ፣ የመምህር ፀሐዬ ልጅ» ብዬ አነበብኩ።

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር። አንድም እጅ አልወጣም።