ፀሐይን ያዘገየው ቀን

ከይሪያ ፀሐይን ከሌላው ዓለም ይልቅ አዘግይታ አገኘቻት። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ እሷ ግን ደስ አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ የምትነደው ሃይድሮጅኗን ሄሊየም እያደረገች ነው። በመሀሉ አንዳንዱ ሄሊየም ከብጤው ጋር ይጋጭና ቤሪሊየም ይወለዳል። ይህ በምን ፍጥነት እንደሚሆን ሰማይ ወጥቶ የለካ የለም፤ አውሮፓ ውስጥ ከተራራ ሥር የመሸጉ ሰዎች ሄሊየምን በሄሊየም እየደበደቡ ነው የሚያውቁት። የተወለደው ቤሪሊየም አንዲት የመዳብ ቁራጭ ላይ ይቀመጥና ጨረር እየረጨ ያልቃል። ጨረሩን የቆጠረ የፀሐይን ፍጥነት አወቀ ማለት ነው። እነሱ ቆጥረው ሲያበቁ፣ ሌላም ዓይን ይየው ብለው መዳቧን ደሴ ለከይሪያ ላኩላት። ሰኞ ገበያ ብትወድቅ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳት የሌለ ቁራጭ ናት።

የከይሪያ የጨረር ቆጣሪ ደግሞ ያለ ፈሳሽ ናይትሮጅን ንክች አይልም። ናይትሮጅን ያለው ኮምቦልቻ፣ የኮርማ ዘር የሚያቀዘቅዙት ሰዎች ዘንድ ነው። ስንቴ ዕቃውን ታቅፋ የሐረጎን ዳገት እንደወጣች እሷና አላህ ያውቃሉ። ሚኒባስ ውስጥ «ምንድን ነው የሚጨሰው?» ላላት ሁሉ «የፀሐይ መለኪያ» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቃት አይኖርም።

የእሷ ቁጥር ከእነሱ ከስድስት አንድ እጅ ጎደለ። የዚያኑ ዕለት ላከችላቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ግን ማን ይሰማል? የአውሮፓው ቡድን መሪ ቁጥሩ ከጸና በሚያሳትሙት ጽሑፍ ላይ ስሟ ከፊት እንደሚሆን ጻፈችላት። ከትንሿ ሐርቡ ለወጣች ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አምርራ ፈለገችው።

በሳምንቱ ደሴ ፒያሳ ላይ ጋሽ አምባዬን አገኘቻቸው። የምትሠራበትን ላብራቶሪ ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል።

«ያቺ ሲዚየሜ ደህና ናት?» አሏት፣ ስለ ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው።

ሲዚየሟ መጠኑ የታወቀ ጨረር የምትረጭ የቆጣሪው መፈተኛ ናት። ጉልበቷ በየዓመቱ ስለሚደክም፣ የተለካችበት ቀን ሳጥኗ ላይ ተጽፏል፤ 12/9/2010።

«ደህና ናት ጋሼ። አርጅታለች እንጂ።»

«ምን ታረጃለች፤ ጡረታ ልወጣ ስል አይደል እንዴ ያስመጣኋት።»

ከይሪያ የሳጥኑ ቀን ትዝ አላት። «ሳጥኑ ላይ ቀኑን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«በማን አቆጣጠር?»

«በማን ልጻፍልሽ ኖሯል? ግንቦት ዐሥራ ሁለት ነዋ።»

«እኔ በፈረንጅ መስሎኝ። መስከረም ብዬ ነው ያነበብኩት።»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አሉና ሳቁ። «ስምንት ዓመት ግድም አስረጀሻታ። አብሽሪ፣ ይታረማል።»

ታረመ። ሲዚየሟን ደካማ ናት ብላ ስለገመተች ቆጣሪው ከአቅሙ በላይ ጎበዝ፣ የሚያመልጠው ጨረር ጥቂት መስሏት ነበር፤ ቤሪሊየሙም ያነሰው ለዚህ ነው። ቀኑን አስተካክላ ብታሰላው ቁጥሯ ከአውሮፓውያኑ ጋር ልክክ አለ። ከይሪያ ተናደደች። በጋሽ አምባዬ አይደለም፤ ልክክ በማለቱ ነው።

ልትጽፍላቸው ስትቀመጥ ከቡድኑ መሪ መልእክት ደርሶ ቆያት። «ልክ ነበርሽ። ቆጣሪያችንን ደግመን ስንፈትሽ ስህተታችንን አገኘነው፤ አርመነዋል። አሁን ቁጥራችን ካንቺ ጋር ገጥሟል። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ስምሽ ከፊት ነው።»

ደጋግማ አነበበችው። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም፤ ጋሽ አምባዬም ቢሆኑ ነገሩን በሳቅ ረስተውታል። ዝም ማለት አማራት፤ ለረጅም ጊዜ አማራት።

ከዚያ ጻፈች። «ስህተቱ የእኔ ነው። የአገሬን ቀን በእናንተ አቆጣጠር አነበብኩት። የመጀመሪያው ቁጥራችሁ ትክክል ነበር።»

ልትልከው ስትል እጇን ሰብሰብ አደረገችና አንድ መስመር ጨመረች።

«እናንተ ያገኛችሁት ስህተት ግን ምን ነበር?»

ላከችው። እነዚያ ለመልስ የማይዘገዩ ሰዎች ዝም አሉ።