የሚያድር ሰው የለም

«እሱን አትድፊው!»

የአክስቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። ብርጭቆ አንሷት ነበር። ግቢው ውስጥ ሻይ ያልደረሳቸው ስድስት ለቀስተኞች አሉ፤ እሷም መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን የማርማላታ ብልቃጦች አይታ አንዱን ከፍታ ልትገለብጠው ነበር።

«ምነው ሚጣ፣ ውሃ አይደል እንዴ? ያውም የደፈረሰ።»

«የአባባ ነው። ተይው፣ እትዬ።»

«እኔ ደግሞ መድኃኒት መስሎኝ» አለች አክስቷ ክዳኑን መልሳ እያጠበቀች። «ለነገሩ ወንድሜ መቼ መድኃኒት ይወድ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ሚጣ ብልቃጡን ተቀብላ በቦታው መለሰችው። ሃያ ሦስት ናቸው፤ አባቷ በሣጥን ቆልፎ ያስቀመጣቸውን ትናንት ነው አውጥታ የደረደረቻቸው። በእያንዳንዱ ላይ አባቷ በእርሳስ ቀን የጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ የመጨረሻው ብቻ ቀን የለውም። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ዳገቱ ላይ ወድቆ ሲገኝ በእጁ የነበረው እሱ ነው። ያገኘው ጎረቤታቸው ቀለም ቀቢው «ልቡ ቀጥ ብሎ ብልቃጡን አልለቀቀም!» እያለ ለገባ ለወጣው ሁሉ ያወራል።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ባለእርሻ የግል ግድብ ጠባቂ ነበር። ሰው «ጋሼ ግድብ» ይለው ነበር። ድንጋይና ሲሚንቶ የሌለው፣ የተጠቀጠቀ አፈር ብቻ የሆነ፣ አሥራ አራት ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ነው። ልጅ ሳለች ግርጌው ድረስ ይዟት ይወርድ ነበር። እዚያ ከአንዲት ቀጭን ቱቦ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ያፈሳል እኮ አባባ!»

«የማያፈስ የአፈር ግድብ የለም። አለ ያለሽ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል።» ብልቃጡን ሞልቶ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። «እኛ የምናየው ይዞት የሚወጣውን ነው። ኩልል ካለ ተኝተን እናድራለን። አፈር ይዞ ከወጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተቦረቦረ ነው።»

«ያኔስ?»

«ያኔማ ከሥር ያለ ሰው ይነሳል።»

ሌላውን ብትጠራጠር እንጂ የአባቷን ቃል ተጠራጥራ አታውቅም። በሠርጓ ቀን ራሷ የሰፋችውን ቀሚስ ሁሉም ሲያደንቅላት «ግራ እጅጌው ረዝሟል» ያለ እሱ ብቻ ነበር። ለክታም አየችው፤ ረዝሟል።

ከሰዓት በኋላ ባለግድቡ መጣ። ከልቡ አለቀሰ። ከዚያ እሷን ወደ ጓዳ ጠርቶ አንድ አቃፊ የስፌት መኪናዋ ላይ አኖረ።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ ልጄ። ተቆጣጣሪው ግን ሐሙስ ይመጣል። በአምስት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ቅጹን የሚሞላው ደግሞ ጠባቂው ነው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የጠባቂነቱ ሥራ ያንቺ ይሁን። የበፊቱን አያይዤዋለሁ፣ እሱን መገልበጥ ነው።»

እሱ ወደ ለቀስተኞቹ ሲመለስ ቆማ አነበበችው። የአባቷ ጽሕፈት እንደ ስፌት ቀጥ ያለ ነው። ከፍታ፣ ርዝመት፣ የሚይዘው ውሃ፣ የጎርፍ ማስተንፈሻው ስፋት። አይጥ የቆፈራቸው ሁለት ጉድጓዶች እንኳ አልቀሩም፦ «ተደፍነዋል» ይላል። ቀጥሎ፦

«ከግድቡ በታች ያሉ ግንባታዎች፦ ሦስት፣ ሁሉም የእቃ ማከማቻ። የሚያድር ሰው የለም። የአደጋ ደረጃ፦ ዝቅተኛ።»

ከጎኑ ንድፍ አለ። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ሦስት አራት ማዕዘኖች። የመጀመሪያው ከግድቡ ስድስት መቶ አርባ ርምጃ ይርቃል።

ስድስት መቶ አርባ። ቁጥሩን ታውቀዋለች። ባለግድቡ ቦታውን ለሠርጓ ስጦታ የሰጣት ጊዜ፣ የዚህ ቤት መሠረት ሲጣል፣ ከአባቷ ጋር አብረው ቆጥረውታል። እሷ ጮክ ብላ፣ እሱ በልቡ። ደጃፉ የሚሆነው ቦታ ላይ ሲደርሱ «ስንት አልሽ?» አላት፤ ነገረችው፤ «እኔም» ብሎ ሳቀ።

የቆመችበት ጓዳ ማከማቻ ነው። የልጆቿ አልጋም ያለው ማከማቻ ውስጥ ነው።

ባለግድቡን ከበር ጠራችው።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ማከማቻ ነው?»

አቃፊውን እንጂ እሷን አላየም። «ወረቀት እኮ ነው ልጄ። ሰው ያድርበታል ከተባለ ግድቡ ከፍተኛ ደረጃ ውስጥ ይገባል። ማስተንፈሻውን አስፋ፣ የማስጠንቀቂያ ደወል ትከል፣ እስከዚያ ውሃውን በግማሽ ቀንስ ይሉኛል። በግማሽ ውሃ ዛፎቼ አንድ በጋ አይሻገሩም። ላባትሽ አስረዳሁት፣ ገባው።»

«ስንት ጊዜ ጻፈው?»

«ሦስቴ። መጀመሪያ አንቺ የተዳርሽ ዓመት።»

«ውሃው መደፍረሱንስ ነግሮዎታል?»

«የቱ ውሃ?» አለ። ፊቱ የሚያስመስል ሰው ፊት አልነበረም።

ወደ መስኮቱ ወሰደችው። በመጀመሪያው ብልቃጥ ሥር ክር የምታህል የቀይ አፈር መስመር ተኝታለች። ከወር ወር እየወፈረች ሄዳ የመጨረሻው ላይ ጣት አክላለች። ባለግድቡ አንድ በአንድ አያቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላ ከጻፍሽ የሱ ሦስት ፊርማ ውሸት ይሆናል» አላት። «አፈሩ ሳይደርቅ ያባትሽን ስም ልታጎድፊ ነው?» አቃፊውን ሳይወስድ ወጣ።

እሷ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ቀን አሁንም እያየች ነበር። በማግስቱ ነው አባቷ ፍራሹን ትከሻው ላይ አድርጎ ከላይ፣ ከጠባቂው ቤት፣ ወደ እሷ የወረደው። «ዳገቱ ጉልበቴን ጨረሰው» ብሎ። ባሏ ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀውም፦ «ዳገት ሰለቸኝ ብሎ ቁልቁል ወረደ፣ አሁን በየቀኑ ዳገት ይወጣል! እንዲህ ያለ ጉልበት ለኔም ይስጠኝ!» አባቷም አብሮ ይስቅ ነበር። ፍራሹን በሩ ሥር አነጠፈ። ዝናብ ሲጥል ተነስቶ ይቀመጣል።

«ያውቅ ነበር» አለች።

ከኋላዋ ሆና ሁሉን የሰማችው አክስቷ ትከሻዋን ያዘቻት። «ላንቺ ብሎ ነዋ የመጣው። አባት አይደል?»

«ከእኛ ጋር ሊሞት ነው የመጣው፣ እትዬ። ሊያወጣን አይደለም። ለማውጣት አንድ ቃል ይበቃ ነበር።»

«የሞተ ሰው አይወቀስም፣ ሚጣ።»

«ባለግድቡ ባዳ ነው፤ ባዳ ያደርገዋል። ይሄ ግን የአባባ ጽሕፈት ነው።»

ግቢው ውስጥ ቀለም ቀቢው «ብልቃጡን ግን አልለቀቀም» ላይ ደርሶ ነበር። ቀን የሌለውን ብልቃጥ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ልጆችህን ይዘህ ዛሬውኑ ወደ ላይ ውጣ።»

«ለቅሶ ቤት ቀልድ ተጀመረ?»

«አታወዛውዘው። ሥሩን እየው።»

አየ። ያመጣው ጊዜ ተነቃንቆ ውሃው ሁሉ ቀይ ነበር፤ አሁን አፈሩ ረግቷል። የጋሼ ግድብን ትምህርት ከዚህ ሰፈር ያልሰማ የለም። ሻዩን መሬት ላይ አስቀምጦ ሦስተኛው ቤት ወዳለችው አዋላጅ ሮጠ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቅሶው ዳገት ወጣ። ለቀስተኞቹ ወንበሮቹን አናታቸው ላይ ገልብጠው፣ አክስቷ ፔርሙዙን አቅፋ፣ ባሏ ሁለቱን ልጆች ይዞ፣ እሷ ብልቃጦቹን በስፌት ሣጥኗ ውስጥ በእራፊ ለያይታ። «እኔስ ሬሳ ሲሸኝ እንጂ ለቅሶ ሲሸኝ አይቼ አላውቅም» አለ ከኋላ አንዱ።

ሐሙስ ጠዋት በጠባቂው ቤት ጠረጴዛ ላይ ብልቃጦቹን በቀናቸው ደረደረችና ቅጹን ከፈተች። ከፍታውን፣ ርዝመቱን፣ ማስተንፈሻውን ከአባቷ ገለበጠች። እሱ እዚያ ላይ አልዋሸም። ከዚያ የበፊቱን ቅጽ በግንባሩ ደፍታ አስቀመጠችው።

«ከግድቡ በታች ያሉ ግንባታዎች፦ ሦስት፣ ሁሉም መኖሪያ ቤት።»

የሚያድር ሰው ብዛት። ቀለም ቀቢው ቤት፣ ስድስት። አዋላጇ ቤት፣ ሁለት። የእሷ ቤት። በጣቷ ቆጠረች፦ እሷ፣ ባሏ፣ ሁለቱ ልጆች፣ በሩ ሥር የሚተኛው።

አምስት ብላ ጻፈች።

የተቆጣጣሪው መኪና ዳገቱን ሲወጣ ተሰማ። የጻፈችውን ጥቂት አየችው። ከዚያ ማስመሪያዋን አነሳችና ከሥሩ እንዲነበብ አድርጋ፣ በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘችው። ከጎኑ አራት ብላ ጻፈች።