ለተመራጯ የተወሰደው ባና

አልጋው ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠው ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሳችን፣ አሮጌው መሆኑን ያየሁት እነጽናት ከሄዱ በኋላ ነው። ጠዋት ሁለት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ፣ ልብ አላልኩትም። ቤቱን ስጠርግ ግን አይጥ የበላው ጥጉ ወጥቶ ታየኝ። ሱፉን ራሴ ፈትዬ ለጽናት ሠርግ ያሠራሁት አዲሱ ባና የለም።

ማን እንደወሰደው ወዲያው ገባኝ።

ከጓሳ ተራራ ሥር ያለውን የመንደራችንን የሣር መሬት ለአንድ ባለሀብት ለድንች እርሻ ለመስጠት ታስቧል፤ ጉዳዩም በምክር ቤት ይታያል ተብሏል። ሣሩ ከሄደ በጎቻችን የሚግጡት፣ ቤታችንም የሚከደንበት አይኖርም። የመረጥናት ተወካይ ወይዘሮ ሰርካለም ሞላሌ ከተማ ወዳለችው እህቷ ቤት መምጣቷ ሲሰማ፣ መንደሩ ልጄን ጽናትንና አያቷን አባባ መርስዔ ኃዘንን ላከ። እሷ መናገር ታውቃለች፤ እሳቸው ደግሞ ሣሩን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው።

እኔ አልወደድኩትም።

"ሕግ የሚያወጣ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ማግባባት ምን ይባላል?" ብያት ነበር ከመሄዳቸው በፊት ማታ። "ስብሰባ ላይ አይነገርም? ነገ ቢከሱሽስ?"

"እማዬ፣ የባለሀብቱ ሰው ምሳ እየጋበዘ ያግባባታል። እኛ ዝም ካልን የምትሰማው እሱን ብቻ ነው። የመረጥናት እኛ ነን፤ ችግራችንን ብንነግራት ምን ነውር አለው?"

"እሱስ ነውር የለውም" አሉ አባባ። "ነውሩ ሰው ቤት በባዶ እጅ መግባት ነው።"

"አባባ፣ እንዳያስቡት።"

"የናንተ ጊዜ ሰው ስልኩን ጨብጦ ይገባል፤ እጁ ሞልቶ መስሎታል።"

ተሳሳቅን። እሳቸው ግን እየሳቁ አልነበረም ለካ።

ጽናት ጋ ደወልኩ፤ መስመር የለም። ቀኑን ሙሉ አንዱን ሐሳብ ሳገላብጥ ዋልኩ። ሴትዮዋ ባናውን ብትቀበል፣ ባለሀብቱ ነገ ከባና የሚበልጥ ይዞ ይመጣል። ባትቀበል ደግሞ ጉቦ አመጡልኝ ብላ ትናገራለች፤ ያኔ የሚጠራው የሽማግሌው ስም ሳይሆን የልጄ ነው። በየትም ዞሬ እዚያው ጽናት ላይ እደርሳለሁ።

አመሻሹ ላይ ብቻዋን መጣች።

"አባባስ?"

"ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብለው ቀሩ። ተቀይመውኛል።"

"ባናውን ሰጧት?"

"ጭኗ ላይ አኖሩት።" ነጠላዋን አውልቃ ተቀመጠች። "እስከዚያ እኮ ደህና ነበርን። የባለሀብቱ ሰው 'መሬቱ ጦም አዳሪ ነው፣ በግ እንኳ አይገባበትም' ብሏት ኖሯል። አባባ ሣሩ እንዲያድግ ለዓመታት ዘግተነው እንጂ ጦም አድሮ አይደለም ብለው አስረዷት። እየጻፈች ነበር። ባናውን ሲያኖሩባት ብዕሯን አስቀመጠች።"

"ወይ ጉዴ። ከዚያስ?"

"'አባባ፣ ሣሩ ተዘግቶ ሳለ ለእርስዎ ጠቦት ጎትቶ የመጣውን ሰውዬ ምን ብለው መለሱት?' አልኳቸው። 'እሱማ ሳይከፈት ሊያጭድ ነው' አሉኝ። 'እኛስ?' አልኩ። ባናውን ከጭኗ አንስቼ መልሼ ሰጠኋቸው።"

"በሰው ፊት?"

"በሰው ፊት ነዋ ያኖሩት።"

"እሷስ ምን አለች?"

"ብዕሯን አነሳችና 'ስንት ዓመት ነው የሚዘጋው ያላችሁኝ?' አለች። ስንወጣ ግን አጣራለሁ ነው ያለችው እንጂ እናገርላችኋለሁ አላለችም።"

ይህኛውም ደስ አላለኝም። ያም ሆኖ ብዕሯን ማንሳቷን ደጋግሜ አሰብኩት።

መሸ። ብርዱ ቢገባም በሩን አልዘጋሁትም። ሽማግሌው ተቀይመው ሰው ቤት ቢያድሩ፣ ነገ መንደሩ ሁሉ ጽናት አያቷን አዋረደች ሊል ነው። ገደል ገብተው ቢሆንስ እያልኩ ደጁን ሳይ፣ ባናውን ተከናንበው ብቅ አሉ።

"በሩን ምን ከፍታችሁ ታበርዱታላችሁ?"

"እርስዎን ስንጠብቅ ነዋ፣ አባባ።"

ከጽናት ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"ያ ጠቦት የመለስኩበት ሰውዬ ምን ብሎኝ እንደሄደ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"'ላከብርዎ ብዬ ነው' አለኝ። ውሸታም ብዬ ሰደብኩት። ለካ እውነቱን ኖሯል። ዛሬ እኔም እንደሱ ነበር ያሰብኩት።"

ጽናት ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች። "አባባ፣ ባዶ እጃችንንም ቢሆን ሰምታናለች።"

"ሰምታ ትተወን ይሆናላ።"

"ይሆናል። ለባናው ብላ ብትረዳን ግን ነገ ባለሀብቱ የበለጠ ሲሰጣት ምን እንላለን?"

አባባ ባናውን ከትከሻቸው አውርደው አሮጌው ላይ ደረቡት፤ እጥፋቱን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። "ሠርግሽ ድረስ አይጡን ጠብቂ" አሏት።

እኔም ተነስቼ ደጁን አንድ ጊዜ ቃኘሁና መቀርቀሪያውን ገፋሁት።