እጅጌዋን ያዢ

እናቴ ዳሌዋን የተሰበረችው ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ነው። እርጥቡ ወለል አንድ እግሯን ይዞት ሄደ፣ ሌላው ባለበት ቀረ፣ እሷም በጎኗ ወደቀች። ራጁን ያነሳሁት እኔው ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ጥጉ ላይ የተጻፈውን ስሟን እስካነብ ድረስ የሌላ ሰው አጥንት አድርጌ አየሁት።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ብረት ገባላት፣ አጥንቱ ገጠመ፣ ቁስሉም ጠገገ። የአጥንት ሐኪሙ የመጨረሻውን ራጅ አይቶ፣ "እማማ፣ ከእንግዲህ ሰበብ የለም። ይራመዱ። ያልሠራ እግር ይከዳል" አላት። እሺ አለችው፤ አልተራመደችም። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ፣ እሱንም እኔ ብብቷን ይዤ። ዕድሜ ልኳን አንደኛ ክፍል ስታስተምር ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት፣ አሁን ከመኝታ ቤቷ እስከ ሳሎን ያለውን መተላለፊያ ወንዝ ሞልቶ እንደጠበቃት ሰው ቆማ ታየዋለች።

"መውደቅን አንዴ ቀምሼዋለሁ" ትላለች። "ደግሜ አልቀምስም።"

ወንድሜ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ደውሎ ተሽከርካሪ ወንበር እንደገዛላት ነገረኝ። ጥሩ ወንበር ነው፣ የእግር ማሳረፊያው ይታጠፋል፣ ጎማውም የማይተነፍስ ዓይነት ነው አለኝ። በፍቅር የተገዛ ነገር ነውና አመሰገንኩት። ግን በሥራዬ ብዙ ወንበሮች አይቻለሁ። እናቴ አንዴ ከተቀመጠችበት እንደማትነሳ አወቅኩ።

እኔ ደግሞ የሴቶች ጁዶ ክበብ አባል ነኝ። የገባሁት ሰው ለመጣል አስቤ ሳይሆን ወገቤን አሞኝ ነው፤ በዚያው ቀረሁ። ክበባችን በየዓመቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ አንዱን ትምህርት ቤት ይለምንና ሳምንታት የሚዘልቅ ካምፕ ያደርጋል። መማሪያ ክፍሎቹ መኝታ፣ አዳራሹ ደግሞ መለማመጃ ይሆናሉ። ለአሰልጣኛችን ዘንድሮ ቀሪ መሆኔን፣ እናቴን የምተውለት ሰው እንደሌለ ነገርኳት።

"ይዘሻት ነይ" አለችኝ።

"መራመድ አትችልም እኮ።"

"እኛስ ጋ ማን ይራመዳል? ሁሉም ሲወድቅ ነው የሚውለው።"

ወንድሜ በካምፑ መዝጊያ ቀን መጥቶ ሊወስደን ተስማማ። "ወንበሩን ይዤ እመጣለሁ" አለ።

የተመደበልን ክፍል ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። ዴስኮቹ ግድግዳ ጥግ ተደራርበዋል፣ ሁለት ፍራሽ ተዘርግቷል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በግማሽ የተጠረገ የማካፈል ሒሳብ ቀርቷል። እናቴ ፍራሽዋ ላይ ጋደም ብላ ትክ ብላ አየችውና፣ "ስህተት ነው" አለች።

"ምኑ?"

"ቀሪውን ረስቶታል። ተነሺና አስተካክዪልኝ፤ እንደዚህ ተሰቅሎ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ተነስቼ አስተካከልኩ። ከተሰበረች ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ስትናደድ ያየኋት ያን ቀን ነው፤ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ከምንጣፉ ጫፍ ወንበር አድርገን አስቀመጥናት። ካምፑ ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራም። እኔ "ራጅ" ነኝ። የልምምድ ጓደኛዬ ዳቦ ቤት የዱቄት ጆንያ የምትሸከም ትከሻ ሰፊ ሴት ናት፤ "ትራክተር" ትባላለች፤ እሷም ስሙን ትወደዋለች። አሰልጣኟ ቀጭን፣ ጸጉሯ ከጆሮ ግንዷ በላይ የሸበተ፣ ድምጿን ከፍ ማድረግ የማታውቅ ሴት ናት። የካምፑ ሕግ አንድ ነው። የወደቀች ሴት ከመነሳቷ በፊት የጣለቻትን ታመሰግናለች። አሰልጣኟ ስታስረዳ፣ ጓደኛሽ ገላዋን አምና ባትሰጥሽ ምንም አትማሪም፣ አንቺም በጥንቃቄ ባትጥያት እሷ አትማርም ትላለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በአዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ሁለት ነገር ነው፤ ምንጣፍ በመዳፍ ሲመታ "ጧ!" ይላል፣ ከዚያ "አመሰግናለሁ"።

እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። "ጉድ ነው! የጣለሽን ታመሰግኛለሽ? ልክ እንደዚህ ከሆነማ እኔም ለመታጠቢያ ቤቴ ስጦታ ልግዛለት።"

"ይግዙለት እማማ፣" አለች ትራክተር ከወለሉ ሳትነሳ፣ "ልጅዎን ግን ቀድመው ይምከሩልኝ። ስትጥለኝ አብራኝ ነው የምትወድቀው።"

እውነቷን ነው። የእኔ ስህተት ይህ ነበር። ጁዶ ውስጥ ሰው ስትጥዪ የጓደኛሽን እጅጌ ጠበቅ አድርገሽ ትይዣለሽ፤ ጭንቅላቷ ቀድሞ እንዳይመታ የሚጠብቃት እሱ ነው። ከዚያ በላይ ግን አትይዢም። እኔ ትራክተርን ከፍ አድርጌ መሬት ልትደርስ ስትል ሌላኛውን እጄን ከብብቷ ሥር አስገብቼ ልቀልባት እጎነበሳለሁ። አስቤ አይደለም፤ እጄ ራሱ ነው የሚሄደው። አሰልጣኟ ደጋግማ ነግራኝ ነበር።

"እጅጌዋን ያዢ፤ እሷን ግን ተያት።"

"እሺ።"

"እሺ አትበይኝ፣ ተያት።"

በዚያው ሰሞን ትራክተርን በዳሌዬ አሻግሬ ስጥላት እጄ እንደልማዱ ከሥሯ ገባ። ሙሉ ክብደቷ ክርኔ ላይ አረፈ። ከአጥንት ሳይሆን ከጅማት የሚወጣ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ልዩነቱን አውቀዋለሁ።

"ወይኔ እህቴ!" አለች ትራክተር ተፈናጥራ እየተነሳች። "እኔን ለመደገፍ እኮ ክሬን ነው የሚያስፈልግሽ!"

ክርኔን በበረዶ አሰሩልኝና እናቴ አጠገብ አስቀመጡኝ። ገና ቁጭ ከማለቴ፣ "እኔንም እንደዚያ ነው የምትይዢኝ" አለችኝ።

"ምን?"

"ገና ስንቀሳቀስ ብብቴ ውስጥ ነሽ። ወደ ግራ ባዘነብል አለሽ፣ ወደ ቀኝ ባዘነብል አለሽ። እግሬ መሬቱን ሳይረግጥ አንቺ ታንጠለጥዪኛለሽ። አይዞሽ እያልሽ ነው የምታስፈሪኝ።"

ሥራዬ ሰው እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ነው። "እንዳትነቃነቂ፣ ትንፋሽሽን ያዢ" ስል ነው የምውለው፤ ሰው ሲነቃነቅ ምስሉ ይበላሻል። ቤት ስገባም ያንኑ ሥራ እንደቀጠልኩ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርኔ አርፎ ዓይኔ ሠራ። ከዳር ስታይ ሌላ ነገር ይታይሃል። በደንብ የምትወድቅ ሴት አገጯን ደረቷ ላይ ትሰበስባለች፣ ትንፋሽዋን ትለቃለች፣ በእጇ ጫፍ መሬቱን አትፈልግም፤ ክንዷን ዘርግታ በመዳፏ ምንጣፉን ትመታለች። መውደቅ የማታውቅበት ግን ገና አየር ላይ እያለች የምትጨብጠው ነገር ትፈልጋለች። ይህን እያየሁ ጎኔ የሆነ ነገር ሰማሁ። ከምንጣፉ "ጧ" ጋር እኩል የእናቴ መዳፍ የወንበሩን ክንድ ይመታል። ወደ ታች ሳይ ተረከዟ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የተሰበረው እግር። እሷ አላወቀችውም። እኔም እንዳታቆም ብዬ ዓይኔን ወደ ምንጣፉ መለስኩ።

ብዙም ሳትቆይ እናቴ አስተማሪ ሆና አረፈችው። "አንቺ ባለ ሰማያዊ ቀበቶ! አገጭ!" "እዚያ ጋ፣ ትንፋሽ አምቀሻል፤ ከዚህ ይታየኛል!" ሴቶቹም "እሺ መምህርት" ይሏት ጀመር። አሰልጣኟ ፈገግ ብላ ታያታለች፤ አንድ ከሰዓት ግን መጥታ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች።

"መምህርት፣ ሁሉንም አርመዋል። መቼ ነው እርስዎ የሚወድቁት?"

"ኤዲያ! እኔ ድርሻዬን ወድቄያለሁ።"

"ያኛው ሳይማሩ ነው፤ አይቆጠርም።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ እንድልላት ጠበቀች። አሰልጣኟም ዞረች፤ "ራጁን አይተሻል?" አለችኝ።

"አይቻለሁ። ብረቱ ቦታው ላይ ነው፣ አጥንቱ ገጥሟል።" ቢሆንም ለሐኪሙ ደወልኩ። ሳቀና፣ "በጤነኛው ጎኗ ብቻ፣ ከዝቅተኛ ቦታ፣ ለስላሳ ነገር ላይ ከሆነ ይሁን" አለ።

አሰልጣኟ ምንጣፎችን ደራርባ ከአልጋ የሚስተካከል ክምር ሠራች። እናቴን ጠርዙ ላይ አስቀመጠቻትና ከጎኗ ሌላ ክምር፣ እኩል ቁመት፣ አደረገችላት። መጀመሪያ የምትወድቀው ከትራስ ወደ ትራስ እንደማዘንበል ነው። አገጭ፣ ትንፋሽ፣ መዳፍ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ወደ ጤነኛው ጎኗ ጋደም አለች። "ጧ" ሳይሆን "ጠብ" የሚል ነገር ተሰማ።

"ይኼ ነው?" አለች።

"ይኼ ነው።"

"ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት?"

"ነገ አንድ ምንጣፍ ከጎንዎ አወጣለሁ" አለች አሰልጣኟ። እንዳለችውም በየቀኑ ከጎኗ ካለው ክምር አንድ አንድ እያወጣች የምትወድቅበትን ዝቅ አደረገችው። መውደቁን ከለመደች በኋላ ደግሞ መነሳቱን አስተማረቻት። መጀመሪያ በጎን፣ ከዚያ በክንድ፣ ከዚያ በጉልበት፣ ከዚያ ከዘራ ተደግፎ። ማንም እንዳያነሳት ተከለከለ። እኔ የተፈቀደልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጅጌዋን መያዝ። ጨርቁን ብቻ። ከጨርቁ በታች ያለው ክንድ የእሷ ነው።

ሊያልቅ ሲል እናቴ ከመኝታችን እስከ አዳራሹ በከዘራ ትመጣ ጀመር፤ ምርኩዙ ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ ሲል ሴቶቹ "መምህርት መጣች፣ አገጭ!" ይባባላሉ። ለወንድሜ አልነገርኩትም። አትንገሪው ያለችኝ እሷ ናት።

በመዝጊያው ቀን ቤተሰብ ተጠራ። ወንድሜ አዲሱን ወንበር እየገፋ ገባ፤ የፕላስቲክ ሽፋኑ እንኳ በሙሉ አልተነሳለትም ነበር። እናቴ ከአዳራሹ ማዶ ተነስታ ቆመች።

"እማዬ! ቆይ፣ ልምጣልሽ!"

"አንተ እዚያው ቁም" አለችው፣ ድሮ ከሰልፍ የወጣ ተማሪ የምትመልስበትን ድምፅ አውጥታ። "እኔ ነኝ የምመጣው።"

በምንጣፉ መሐል መጣች። እኔ በጎኗ፣ እጅጌዋን ይዤ። ግማሽ እንደደረሰች የከዘራዋ ጫፍ ሁለቱ ምንጣፎች የሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ከዘራው ቀረ፣ እሷ ቀጠለች።

ልምምድ አልነበረም። ሚዛኗ ሲሄድ ፊቷ ላይ ያየሁትን አውቀዋለሁ፤ የመታጠቢያ ቤቱ ፊት ነው። ሌላኛው እጄ ወደ ብብቷ ተወረወረ። መንገድ ላይ አስቆምኩት። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ ከባዱ ያ የቆመ እጅ ነው። እጅጌዋን ብቻ ወደ ላይ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ፣ እሷን ተውኳት።

አገጯ ገባ። ወደ ጤነኛው ጎኗ ዞረች። ትንፋሽዋ ሲወጣ ሰማሁት። "ጧ!"

ወንድሜ ጮኸ። ሊሮጥ ሲል ትራክተር ደረቷን ሰጥታ አቆመችው፤ እሷን አልፎ የሄደ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

እናቴ ጣሪያውን እያየች ተጋድማለች። እኔ ከላይ ሆኜ ቀለሟን፣ ትንፋሽዋን፣ የእግሯን አቀማመጥ አየሁ። እግሯ ቀጥ ብሏል፤ አላጠረም፣ ወደ ውጭም አልዞረም። ደህና ናት።

"አመሰግናለሁ" አለች።

እኔ ገና እግሯን እያየሁ ነበር።

"አንቺን እኮ ነው! ሕጉን ልታስፈርሺኝ ነው? ካላመሰገንኩ መነሳት አልችልም፣ አመሰግናለሁ ብያለሁ።"

"እኔም አመሰግናለሁ እማዬ" አልኩ። የጣለ ሰው መልሶ ማመስገኑ በሕጉ ውስጥ የለም፤ አሰልጣኟ ግን አላረመችኝም።

በጎኗ ዞረች፣ በክንዷ፣ በጉልበቷ፤ ከዘራውን ትራክተር አቀበለቻት፣ ቆመች። ሴቶቹ ምንጣፉን በመዳፋቸው ይመቱት ጀመር፤ አዳራሹ ዝናብ የወረደበት ቆርቆሮ መሰለ። ወንድሜ እንባና ቁጣ ተደባልቆበት መጣ።

"እማዬ፣ ወደቅሽ እኮ!"

"አየኸኝ? እንዴት ነው፣ አላማረብኝም?"

"እና እኔ ይህን ወንበር ለማን ነው የገዛሁት?"

ዞር ብላ አሰልጣኟ የምትጠቀልላቸውን ምንጣፎች አየች። "ለእነዚያ" አለች። "ሴቶቹ ሲሸከሟቸው ወገባቸው ተቆረጠ።"

ወንበሩ እዚያው ቀረ። ዛሬም ክበባችን ምንጣፉን ወደ ዕቃ ቤት የሚያመላልሰው በእሱ ነው፤ ትራክተር ትገፋዋለች፣ ጎማውም እንደተባለው አልተነፈሰም። ወንድሜ ሲደውል "ወንበሬ እንዴት ነው?" ይላል፣ ይስቃል።

ከአዳራሹ እስከ በሩ ያለው ጠጠር መንገድ ረጅም ነው። ያን ቀን እናቴ በከዘራዋ ሄደችው፣ ወንድሜ ሻንጣውን ይዞ፣ እኔ እጅጌዋን ይዤ። በሩ ጋ ስንደርስ ቆም አለችና ወደ ክንዷ አየች።

"አሁን ልቀቂው" አለችኝ። "ሹራቤን አሰፋሽብኝ።"

ለቀቅኩት።